ደሴ የሚባል መድን

ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። በዚያ ዓመት ክረምቱ ከበደ። ዝናቡ በግንቦት ገብቶ እስከ ጥቅምት አልወጣም። ቆጋ መስኖ ላይ ድንቹ መሬት ውስጥ እንዳለ በሰበሰ። ወደ ገጠር የሚያስወጡት መንገዶች ተዘግተው የጭነት መኪኖች ወር ሙሉ ቆሙ፤ ጋሪ እንኳ አልወጣም። የተንቀሳቀሰው አስፋልት ላይ የሚሠራው ብቻ ነበር፤ የአስፋልቱንም ዳር ውሃ በልቶት ነበር።

ነሐሴ ላይ የይታገሱ አይሱዙ ከቆጋ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሄድ፣ ፍኖተ ሰላምን አልፎ ጅጋ ሳይደርስ ከመንገድ ወጣ። የኋላ ጎማው የተሸረሸረውን የአስፋልት ጠርዝ ረገጠ፤ ጠርዙ ተናደ፤ መኪናው በጎኑ ቦይ ውስጥ ተኛ። ሰው አልሞተም። የይታገሱ ቀኝ እጅ በበሩ ተይዞ ሁለት ጣቶቻቸው ተሰበሩ። ልጃቸው ሥርጉት ጅጋ አክስቷ ዘንድ ልትሄድ ጋቢናው ውስጥ ነበረች። ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ምንም አልሆነችም።

ብዙ መኪና አለፈ። አንዱ ቆመ። ሾፌሩ ደሴ ይባላል፤ የቡሬ ሰው ነው፤ ባዶ መኪናውን ይዞ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነበር። አይሱዙውን በገመድ ጎትቶ አቆመው። የተቀደዱት ጎማዎች ሁለት ናቸው፤ ይታገሱ የያዙት ትርፍ ጎማ፣ ስኮርታ፣ አንድ። ደሴ የራሱን ስኮርታ አውርዶ ገጠመላቸው። ብሎኖቹ ጭቃ ውስጥ እንዳይጠፉ ሥርጉትን ቀሚሷን አስዘርግቶ፣ «እቀፊያቸው፤ ስድስት ናቸው፤ አምስት ብትሰጪኝ አልቀበልም» አላት። ከዚያ የተረፈውን ሽንኩርት በራሱ መኪና ጭኖ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ደብረ ማርቆስ አደረሰው። ትራፊክ አልመጣም። አደጋውን የመዘገበ ሰው የለም።

ይታገሱ ስኮርታውን እስከ ዛሬ አልመለሱም።

*

«ደሴ የሚባል ኢንሹራንስ ድርጅት አላውቅም» አለች ትርሲት።

ረቡዕ ጠዋት ነው። ትርሲት ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ ባለ ፎቅ ውስጥ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ናት። ሥርጉትና አባቷ ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሥርጉት ትናንት ቤት ሞልታ ያመጣችው ፎርም በመካከላቸው ተዘርግቷል። ጣቶቹ ከተሰበሩ ወዲህ አባቷ ብዕር አይጨብጡም፤ ድሮም ጽሕፈት አይወዱም ነበር። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች።

«ዘጠነኛውን ጥያቄ እዩት» አለች ትርሲት። «"ቀደም ሲል የነበረዎት መድን ስም" ይላል። እናንተ "ደሴ፣ ቡሬ" ብላችሁ ጽፋችኋል።»

«አዎ» አሉ ይታገሱ።

«ጋሼ፣ ለቦሎ የገቡት የግዴታው ኢንሹራንስ አለ አይደል? የሦስተኛ ወገን የሚባለው? የምንጠይቀው እሱን ነው።»

«እሱማ ኢንሹራንስ ነው። ወረቀቱ መኪናው ውስጥ አለ። እናንተ የጠየቃችሁት መድን ነው። በጭንቅ ቀን መድን የሆነኝ ሰው ደሴ ነው።»

ትርሲት ሳቀች። ሳቋ ክፉ አልነበረም። «እንዲህ ያለ መልስ አይቼ አላውቅም። መቼ ነው መድን የሆነዎት?»

«የወደቅን ጊዜ ነዋ…»

ይታገሱ ቃላቸውን ዋጡ። ሥርጉት ጆሮዋ ሲግል ተሰማት። የትርሲት ጣት ወረቀቱ ላይ ወደ ታች ወረደ፤ አሥራ አንደኛው ጥያቄ ላይ ቆመ። «ባለፉት ሦስት ዓመታት ተሽከርካሪው አደጋ ደርሶበት ያውቃል?» ከሥሩ በሥርጉት ያማረ የእጅ ጽሑፍ «የለም» ይላል።

ታች መንገድ ላይ ባጃጅ ጮኸ።

ትርሲት ከመሳቢያዋ አዲስ ፎርም አውጥታ አሮጌው ላይ አስቀመጠች። «ይኼኛውን እኔ አላየሁትም። አዲሱን ሞልታችሁ ነገ ጠዋት ኑ። የማይዋሽ ሰው ዋጋ ሊጨመርበት ይችላል፤ አልደብቃችሁም። የዋሸ ግን ነገ መኪናው ቢወድቅ ውሉ እንደሌለ ይቆጠራል። ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ፈታሽ መጥቶ መኪናውን ያያል። ክሪክ፣ ስኮርታ፣ እሳት ማጥፊያ፣ ሁሉንም ያያል። የጎደለ ነገር ካለ ሊመልሳችሁ ይችላል።»

ሥርጉት ፎርሙን ላስቲክ ውስጥ ከተተችው። ላስቲኩ ውስጥ ሌላም ወረቀት አለ፤ ከቡሬው የዱቄት ፋብሪካ የመጣ የውል ቅጽ።

ፋብሪካው በመስኖ የተዘራውን ስንዴ ከቆጋ የሚያጓጉዙለት መኪኖች ይፈልጋል። ሥራው የስድስት ወር ነው። ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ሙሉ ኢንሹራንስ፣ እና ቢያንስ ሁለት መኪና። አንድ መኪና ብቻ ያለው ሰው አጋር አጓጓዥ ይዞ መምጣት አለበት። ቅጹ ዓርብ ከሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይመለሳል። ካልተመለሰ ይታገሱ መኪናውን ይሸጣሉ። ደላላው ሁለት ጊዜ መጥቶ አይቶታል። ከዚያ በኋላ በሰው መኪና የጅቡቲን መስመር ይነዳሉ፤ ቤታቸውን በወር አንድ ቀን ያያሉ። ሥርጉት ይህን የሰማችው አባቷና እናቷ የተኛች መስሏቸው ሲነጋገሩ ነው።

*

ክንፈሚካኤል ፎቁ ሥር ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። አጋር ሊሆናቸው ቃል የገባው እሱ ነው። ሁለት መኪና አለው፤ ሦስተኛ ሲጨመር ፋብሪካው ብዙ ጭነት ይሰጠዋል። ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ነው።

«እሺ አንቺ ጸሐፊ፣ ጨረስሽ?»

ይታገሱ የሆነውን ነገሩት። ክንፈሚካኤል ራሱን ያዘ።

«ደሴ! ምን አስጠራህ አሁን ደሴን? ስማኝ ይታገሱ። አደጋ ማለት ሰው ሲሞት ነው። ያንተ ሽንኩርት ነው የወደቀው። ትራፊክ አልጻፈው፣ የአደጋ ፕላን አልተነሣ፣ ማን ያውቃል?»

«ልጅቷ ታውቃለች» አሉ ይታገሱ።

«ልጅቷማ የኛ ናት!» ወደ ሥርጉት ዞረ። «አራት ወር ቢቆይ እኮ ሦስት ዓመት ይሞላውና ባትጽፊውም ውሸት አይሆንም። ለአራት ወር ብለሽ የአባትሽን መኪና ታሸጫለሽ? ደሴን ሰርዢው፤ "የለም" የሚለውን እንዳለ ተይው። እኔ ስሜን የማስገባው ንጹህ ወረቀት ላይ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት፣ የክንፈሚካኤል ልጅ ሀኒ ከሥርጉት አጠገብ ተቀመጠች። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ናቸው።

«አባዬ ነገረኝ። ሥርጌ፣ ምን ታካብጃለሽ? ሁለት ፊደል እኮ ነው።»

«ሦስት ነው» አለች ሥርጉት። «የ፣ ለ፣ ም።»

«ውይ፣ ፋራ! አሁን ቀልድ ነው? አባትሽ መኪናውን ቢሸጥ እኔን እንዳትወቅሺኝ።»

«እኔ እኮ ውስጡ ነበርኩ ሀኒ።»

«የት?»

«መኪናው ውስጥ። ሲወድቅ።»

ሀኒ አየቻት። «እና ደህና ነሽ አይደል?» አለችና ደብተሯን ገለጠች። አስተማሪው ገባ። ሥርጉት ያን ቀን የተማረችውን አታስታውስም።

*

ማታ ራት ሳይቀርብ አዲሱን ፎርም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እስከ ስምንተኛው ጥያቄ ድረስ ቀላል ነበር። ዘጠነኛው ላይ የሦስተኛ ወገኑን ድርጅት ስም ከወረቀቱ ገለበጠች። የደሴ ስም ከፎርሙ ወጣ። አሥራ አንደኛው ላይ ብዕሯን አነሣች።

«አባ፣ ምን ልበል?»

ይታገሱ መዳፋቸውን እያዩ ነበር። ሁለቱ ጣቶች አይታጠፉም። መሪ ሲይዙ እንደ እንጨት ቀጥ ይላሉ። «የምትጽፊው አንቺ ነሽ» አሉ። «እኔ የምፈርም ነኝ።»

እናቷ እህተ ማርያም አተር እየለቀመች ነበር። ቀና አላለችም። «ፈታሹ እጅህን አይቶ ማን ሰበረው ቢልህስ? በሬ ወጋኝ ልትል ነው?»

«ዝም በይ እስቲ» አሉ ይታገሱ። ድምፃቸው ግን አልጠነከረም።

ሥርጉት ቀሚሷ ላይ የነበሩትን ብሎኖች አስታወሰች። ቅዝቃዜያቸውን፣ ግራሱን። ዝናቡ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ደጋግማ ቆጥራቸው ነበር። ያን ቀን የፈራችው መኪናው መውደቁን አልነበረም፤ አምስት ሆነው እንዳይገኙ ነበር።

«አለ» ብላ ጻፈች። ለማብራሪያው የተተወላት ሦስት መስመር ነው። ወሩንና ዓመቱን ጻፈች። ቦታውን ጻፈች። «የአስፋልቱ ዳር ተንዶ መኪናው በጎኑ ተኛ። የሾፌሩ ሁለት ጣቶች ተሰበሩ። እኔም ነበርኩ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ከጻፈች በኋላ ፎርሙ የአባቷ መሆኑ ትዝ አላት። ልትሰርዘው ብዕሯን አቀረበች። ተወችው። አባቷ በማይታጠፉት ጣቶቻቸው ብዕሩን አጣብቀው ፈረሙ፤ ምን እንደጻፈች አልጠየቁም።

*

ሐሙስ ጠዋት ትርሲት አሥራ አንደኛውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሁለተኛው ላይ ሥርጉትን ቀና ብላ አየቻት። «እሺ» አለች። ዋጋው ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለው ከፍተሻው በኋላ እንደሚታወቅ ነገረቻቸውና የዕቃ ዝርዝር የያዘ አንድ ገጽ ሰጠቻቸው። «ይህንን ሞልታችሁ ነገ ለፈታሹ ስጡት።» ሥርጉት እዚያው ቁጭ ብላ ሞላችው። ክሪክ፣ አለ። ስኮርታ፣ አለ። እሳት ማጥፊያ፣ አለ።

ከፎቁ ሳይወርዱ የይታገሱ ስልክ ጮኸ። ክንፈሚካኤል ነው። ድምፁ ከስልኩ ውጭ ይሰማል።

«ጻፋችሁት አሉ።»

«ጻፍነው።»

«እንግዲያው የፋብሪካውን ወረቀት ከኔ ጋር አታያይዙት። አልተጣላንም። ግን አታያይዙት።»

ስልኩ ተዘጋ። ይታገሱ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሰዎች እየዘለሏቸው ወጡ፣ ወረዱ። ሥርጉት ቆማ ጠበቀች። እኔ ነኝ መኪናውን የሸጥኩት፣ አለች በልቧ። እስከ ነገ ከሰዓት ያለው ጊዜ ይህ ቀንና አንድ ሌሊት ነው።

«አባ፣ ቡሬ እንሂድ» አለች።

«ቡሬ ምን አለ?»

መልሱን እሳቸውም ያውቁታል። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

*

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሩቅ አይደለም። ይታገሱ ግን ቀስ ብለው ነዱ። የደሴ ቤት ቡሬ ሳይገባ በስተቀኝ፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ሥርጉት ከአባቷ ጋር በዚያ ስታልፍ አንድ ነገር ታዝባለች፤ እዚያ ቤት አጠገብ ሲደርሱ አንገታቸውን ወደ ግራ ያዞራሉ። አንድ ጊዜ ደሴ ከፊት ለፊት መጥቶ ክላክስ ነፋላቸው። አባቷ አልመለሱም።

ስኮርታው ሳይመለስ የቀረው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የጎማ ዋጋ ጨመረ። ከዚያ የገዙት አሮጌ ጎማ በሁለት ወሩ ፈነዳ። ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። በመጨረሻ ሁለት ደህና ጎማ ሲገዙ የደሴ ጎማ ስኮርታ ሆኖ ከመኪናው ሥር ተንጠለጠለ። ያን ጊዜ መመለስ ይቻል ነበር። ግን ዘግይቷል፤ የዘገየበትን ምክንያት መናገርም ያሳፍራል። በጎማው ብረት፣ በቸርኬው ላይ፣ በነጭ ቀለም «ደ» ተብሎ ተጽፏል። ይታገሱ መኪናውን ሲያጥቡ ያችን ፊደል አይነኳትም።

«መጀመሪያ እንጠይቀዋለን» አሉ መንገዱን እያዩ። «ስኮርታውን ከፍተሻው በኋላ እናመጣለታለን። ነገ በሦስት ሰዓት ያለ ስኮርታ ምን ብለን እንቀርባለን?»

ደሴ ቤት ደጃፍ ላይ መኪናውን አቆሙ።

ደሴ መኪናው ሥር ተኝቶ ነበር። ሚስቱ በአገውኛ የሆነ ነገር ስትለው እግሩ፣ ከዚያ ሆዱ፣ ከዚያ በግራስ የተቀባ ፊቱ ወጣ። ከይታገሱ በዕድሜ ትንሽ ያንሳል። ቆሞ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«አያ ይታገሱ! እንዴት ዋሉ? አንገትዎ ዳነ?»

«አንገቴ ምን ሆኖ?»

«ቡሬ ሲደርሱ ወደ ግራ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ወጌሻ ልልክልዎ ሳስብ ቆይቻለሁ።»

ይታገሱ ለመሣቅ ሞከሩ። አልሆነላቸውም። ደሴ ሥርጉትን አየ። «ይቺ ብሎን ያዧ ናት? ረዘመች!»

«እንደምን ዋሉ ጋሼ» አለች።

መኪናው ጥላ ሥር ቆሙ። ወሬው ወደ ስንዴው ሄደ፤ ከስንዴው ወደ ፋብሪካው። ደሴ ተፋ።

«ሄጄ ነበር። ኢንሹራንሱን ከገባሁ ቆየሁ። "በአንድ መኪና አንቀበልህም፤ አጋር ይዘህ ና" አሉኝ። አጋር ደግሞ ሐሙስ ገበያ አይወጣም። እናንተስ? ከማን ጋር ሆናችሁ?»

ይታገሱ መሬት መሬት አዩ። አፋቸውን ከፈቱ።

ሥርጉት ትታቸው ወደ መኪናው ሄደች። አባቷ አሁን ከጠየቁ፣ ደሴም እሺ ካለ፣ ነገ የሚመለሰው ጎማ የእሺታው ዋጋ ይመስላል። እምቢ ካለ ደግሞ ጎማውን ይዘውት ተመልሰው ይሄዳሉ፤ አባቷም እንደገና አንገታቸውን ወደ ግራ ያዞራሉ። ይህን ሁሉ በቃል አላሰበችውም። ጋቢናውን ከፍታ ከወንበሩ ሥር ረጅሙን መፍቻ አወጣች። ወደ መኪናው ኋላ ሄዳ ተንበረከከች። የስኮርታው ሰንሰለት ዝጎ ነበር። በሁለት እጇ ተንጠለጠለችበት። ጮኸ፤ ከዚያ ለቀቀ። ጎማው ቀስ እያለ ወርዶ አቧራው ላይ አረፈ።

ስታቆመው ከብዷት ወደ ጎን ዘመመች። አንከባልላ በሁለቱ ሰዎች መካከል አቆመችው። ነጩ «ደ» ወደ ደሴ ነበር።

አባቷ የጀመሩት ዓረፍተ ነገር አላለቀም።

ደሴ ጎማውን አየ። የጎማውን ጥርስ በአውራ ጣቱ ዳበሰ፤ ዞሮ ቫልቩን አየ። ከዚያ ሥርጉትን አየ።

«ብሎኖቹ አምስት ነበሩ» አለ።

«ስድስት ነበሩ ጋሼ። ቆጥሬያለሁ።»

«አምስት።»

«ስድስት።»

«እሺ፣ ስድስት ይሁኑ።» የግንባሩን ላብ ጠረገ። «ነገ ግን ፍተሻ የላችሁም እንዴ? ኢንሹራንስ ልትገቡ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አገሩ ጠባብ ነው።»

«አለን» አሉ ይታገሱ። «ሦስት ሰዓት ላይ።»

«ያለ ስኮርታ?»

ይታገሱ ልጃቸውን አዩ። ሥርጉት ላስቲኩን ከፍታ የዕቃውን ዝርዝር አወጣች። የአይሱዙው ጭቃ መከላከያ ላይ ዘርግታ «ስኮርታ፣ አለ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘች። ከጎኑ «የለም» ብላ ጻፈች።

«ያለ ስኮርታ እንሄዳለን» አሉ ይታገሱ። ድምፃቸው ከጠዋቱ ይልቅ ቀና ብሎ ነበር። «ከመለሰን ይመልሰን። ደሴ፣ ሌላም ነገር ላውራህ። ቢሮው ውስጥ ሴትዮዋ መድንዎ ማን ነው ብትለኝ ስምህን ጠርቼ፣ እሷም ድርጅት መስሏት…» ይታገሱ ሁሉንም ነገሩት፤ ፎርሙን፣ ክንፈሚካኤልን፣ ደረጃው ላይ መቀመጣቸውን። አንዴ ጀምረው አላቆሙም።

ደሴ መጨረሻው ላይ ሣቀ። የሣቀው ግን ድርጅት በመባሉ ብቻ ነው። ሌላውን ዝም ብሎ ሰማ።

«ስሜን ያለ ቦታው ነው የጻፋችሁት» አለ። «ያ የፋብሪካው ወረቀት የት አለ?»

ሥርጉት አወጣችው። «አጋር አጓጓዥ» የሚለው መስመር ባዶ ነበር።

«እንግዲህ በቦታው ጻፊው። ከነአባቴ ስም። የፈታሹን ነገር ነገ እናያለን፤ እኔም እመጣለሁ።»

እየጻፈች ሳለ ደሴ ጎማውን ወደ ራሱ መኪና አንከባለለ። ከመኪናው ሥር ባዶ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ዝጓል። ተኝቶ ገባ። «አያ ይታገሱ፣ ወዲህ ገፋ ያድርጉልኝ» የሚል ድምፅ ከሥር መጣ። ይታገሱ ተንበርክከው በሁለቱ ቀጥ ያሉ ጣቶቻቸው ጎማውን ደግፈው ገፉ። ደሴ መንጠቆውን አስገባ። ሰንሰለቱ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ጠበቀ። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ቦታው ገባ።